ያዋሰችው እጅ

ሰውየው እጇን አልመልስም ብሏት እርፍ! ያውም በገዛ ደጇ ቆሞ!

በዚያ ዘመን የተሃድሶ ሕክምና ዶክትሬት የሚማር ሁሉ የአንድ እጁን ጉልበት ለበሽተኛ ያውሳል፤ እሱ ራሱ በሰለለ እጅ እየኖረ ያጠናል። በተመረቀበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ቁልፍ ከተጫነ ጉልበቱ ይመለስለታል። ካልተጫነ በቃ፣ ቀረ። ስመኝ ቀኝ እጇን ለአናጢው ለደምመላሽ ካዋሰች ወዲህ ከቤተሰቡ ትሪ ወጥታ ለብቻዋ በማንኪያ ነው የምትበላው። እናቷ ማጉረስ ሰልችቷቸው "ዶክተርዬ፣ ወይ እጅሽን አስመልሺ፣ ወይ አፍሽን ዝጊ" ይሏታል። ውይ ሲያናድዱ!

ዛሬ ተመረቀች። ቁልፏን ይዛ ከቤት ስትወጣ ደምመላሽ በሩ ላይ ተገትሯል፣ ጨቅላ ልጁን በተዋሰው እጅ ታቅፎ። ግራው እንደሆነ ዛሬም ሽባ ነው።

"ልጁን አስቀምጥ!"

"አላስቀምጥም። አራት ዓመት ሙሉ 'ናሙና' ስትይኝ ዝም አልኩሽ። በይ ተጫኚው!"

"አዋስኩህ እንጂ መች ሰጠሁህ፣ አንተ ሌባ!"

"እስኪመሽ እዚሁ ነኝ።"

"ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚው እንጂ!" ብለው እናቷ ከውስጥ ጮሁ።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፣ ሕፃኑ ደግሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። እናንተ ብትሆኑ ትጫኑት ነበር?