በሰማይ ላይ ስልክ አይከፈትም

የአገሩ ሰው መሪጌታ ቀለመወርቅ ጉዳዩን ለአስናቀ የነገሩት በጧት፣ አዲስ አበባ ካለው ቤቱ ደጅ ላይ ቆመው ነው። አልገባም አሉ፤ አልቀመጥም አሉ።

«አቶ ሙላው አርፈዋል። ላቀው አልሰማም። ነገ በአውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በመኪና አርብ ገበያ። እዚያ ወገን መካከል ይነገረዋል። እስከዚያ አንተ ጠብቀው።»

አስናቀና ላቀው እዚያው አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት ውስጥ አንድ አጥር ለይቷቸው ያደጉ የጎረቤት ልጆች ናቸው። አቶ ሙላው የላቀው አባት ናቸው። አስናቀን ያሳደጉት እናቱ ብቻቸውን ስለሆነ፣ የአባት ቁጣና የአባት አለንጋ ሲያስፈልገው የሚሻገረው ወደ አቶ ሙላው ግቢ ነበር። አለቀሰላቸው። ቶሎም ጨረሰ፤ ሥራ ተሰጥቶታል።

ሥራው አንድ ነበር፤ ላቀው ስልክ እንዳያነሳ። በአገራቸው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በዘመድ ተከቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሲኖር ነው። በ2004 ዓ.ም. ግን ስልክ የሌለው የገጠር ቄስ እንኳ አልነበረም፤ ነገሩን ለማበላሸት አንዲት ችኩል አክስት ትበቃለች።

«ለላቀው ምን አላችሁት?» አለ አስናቀ።

«ለድንበር ሽምግልና ነው ብለነዋል።»

«እናቴ ጋ ደውዬ እንዴት እንዳረፉ ልጠይቅ?»

«ተው! አሁን ከዚያ ሰፈር የሚሰማህ ለቅሶ ነው። ሰምተህ ደግሞ ፊትህ ያሳብቃል።»

አስናቀ ስልኩን ኪሱ መለሰ። በዚያ ፊት ካርታ ተጫውቶ አሸንፎ አያውቅም።

በማግስቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ላቀው የመስኮቱን ቦታ ለቀቀለት። «ግባ፣ አገር ታያለህ» አለው። ራሱ ከጎኑ ተቀመጠ። መሪጌታ ከመተላለፊያው ማዶ ሆኑ።

አስተናጋጇ መንገደኞች ሁሉ ስልካቸውን እንዲዘጉ ስታሳስብ መሪጌታ የመጽሐፍ ማኅደራቸውን ከፈቱ።

«ሰማችሁ? ሁለታችሁም ወዲህ በሉ።»

«ዝጉ አለች እንጂ አስረክቡ አላለችም፣ መሪጌታ» አለ አስናቀ፣ ነገሩ እውነት እንዲመስል።

«እኔ እጨምርበታለሁ።»

አስናቀ አርአያ ለመሆን ቀድሞ ሰጠ። ላቀውም ሰጠ። የመሪጌታ ብልሃት አስናቀን ደነቀው፤ የአንዱን ብቻ ቢወስዱ ኖሮ ላቀው ይጠረጥር ነበር።

ከፊታቸው ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ የማያውቋት ሴት ተቀምጣለች። ድምፅዋ ስልክ የሚያስፈልገው አይመስልም።

«ሀሎ! አዎ፣ ተሳፍሬያለሁ!»

«እባክዎ ስልክዎን ይዝጉልኝ» አለች አስተናጋጇ።

«አንድ ደቂቃ፣ የኔ እመቤት… ሀሎ! ለልቅሶ ነዋ፣ ጋይንት! ማን? ልጁማ መቼ ሰማ! እስከ አሁን ምንም—»

አስናቀ ሳለ። ላቀውም ሳለ። መሪጌታ ከማዶ ሆነው፣ ማኅሌት ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ሳሉን ተቀበሉና ከፍ አድርገው መለሱት። አስተናጋጇ ደንግጣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች፤ ሴትዮዋን ረሳቻት።

«ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» አለ አስናቀ።

«ትንሽ» አለ ላቀው ጫማውን እያየ።

አስናቀ ተነስቶ በወንበሩ ላይ አጎነበሰ። «እመቤቴ፣ ስልክዎ ከአብራሪው ሬዲዮ ጋር ይጋጫል። ጣና ውስጥ ሊከቱን ነው?»

«አብራሪው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ቁጭ በላ!» አለችው፤ ግን ዘጋችው።

ሰማይ ላይ ከወጡ በኋላ ሰላም ሆነ። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ማንንም ሊያገኝ አይችልም። አስናቀ ኔትወርክ ስለሌለ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ላቀው የራሱን ብስኩት ወደ እሱ ገፋለት።

«ብላ፤ መንገዱ ረጅም ነው።»

አስናቀ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። አባቱ ሞቶበት ብስኩት የሚያካፍል ሰው አይቶ አያውቅም።

ባሕር ዳር ላይ ጎማው መሬት ሲነካ አውሮፕላኑ ገበያ ሆነ። «ሀሎ! ወርጃለሁ!» «ሀሎ! መኪና ላክ!» አስተናጋጇ «ገና አልቆምንም፣ ክቡራን!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። አስናቀ ከነዚህ ሁሉ ሀሎዎች አንዱ ላቀው ጆሮ እንዳይገባ፣ ስለ ድሮ በሬያቸው ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። በሬው ሁለት ጊዜ ገደል ገባ፤ ሁለት ጊዜ ወጣ። ላቀው እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

መኪናው ውስጥ መሪጌታ የሾፌሩንም ስልክ ጠየቁ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን አይደለም» አለ ሾፌሩ።

«አነዳድህ ነው።»

ደብረ ታቦርን አልፈው የጠጠሩን መንገድ ያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሰፈራቸው ዛፎች ታዩ፤ ቀጥሎ ድንኳኑ፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው ሜዳ ላይ። ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ መኪናው ዞሮ ቆሟል።

አስናቀ ሥራውን ጨርሷል። አንድም ስልክ አልጮኸም። የቀረው ክንድ መሆን ብቻ ነው። ወርዶ የላቀውን ብብት አጥብቆ ያዘ።

«በርታ፣ ወንድሜ» አለው።

ላቀው ተንሰቀሰቀ። አስናቀ ገባው፤ ድንኳኑን አይቶ የማይረዳ የለም። ይበልጥ ደግፎት ወደ ሕዝቡ ተራመደ። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁ።

ከድንኳኑ ቀድመው የወጡት አቶ ሙላው ነበሩ፤ በምርኩዛቸው እየተውተረተሩ መጡና ልጃቸውን አልፈው «እናትህ፣ ልጄ… እናትህ» እያሉ አስናቀን አቀፉት።