የናሁሰናይ አዲስ ሊምፍ

ናሁሰናይ እንደ ዘመኑ ሰው ሊምፉን፣ ያን በሽታ የሚከላከል የሰውነት ፈሳሽ፣ ካስቀየረ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አይዘውም። በሊምፉ የሚዘዋወሩት አዲሶቹ ሴሎች ከሌላ ሰው የመጣውን ሁሉ ጠላት ብለው ይፈጃሉ።

እሁድ ምሳ ላይ እናቱ እትዬ ወደርየለሽ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለው ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እማዬ ተይ! የሰው እጅ ከነካው አንገቴ ላይ ንፍፊት ይወጣብኛል።»

«እኔ ነኝ ‹ሰው›?» አሉ እየሳቁበት። «ሆዴ ውስጥ ዘጠኝ ወር ስትንፈላሰስ ምነው ንፍፊት አላወጣህ?»

«ያኔማ የድሮው ሊምፍ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ የወለድኩት የድሮውን ነዋ!»

የተዘረጋው እጃቸው ግን ቶሎ አልታጠፈም። በመጨረሻ ጉርሻውን እግራቸው ሥር ለተቀመጠችው ድመት ሰጧት፤ እሷም በልታ ጣታቸውን ላሰች።

ናሁሰናይ ጓንት ባጠለቀ እጁ አንገቱን ዳሰሰ። ንፍፊት የለም፤ ፍጹም ጤነኛ ነው።