የጥላዬ አመል

ሞተሮች የነጂያቸውን አመል መያዝ ከጀመሩ ወዲህ፣ መካኒኩ ልሳነወርቅ ብረት ከመፍታቱ በፊት ሰው ይጠይቃል። አስካለ ልጇን ለኩላሊት እጥበት ወደ ከተማ ስትወስድ መኪናዋ ጋራዡ በር ላይ ጠፍታ አልነሳ አለቻት። ባሏ ጥላዬ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ እንዲህ እየጠፋች ታስቸግራታለች።

ልሳነወርቅ ቁልፉን አስዞራት፤ የመፍቻ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ አዳመጠ። ባትሪው ደህና ነው፤ ነዳጁም ይደርሳል።

«ባልሽ ሲያስነሳት ምን ይል ነበር፣ እህቴ?»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ‹እመቤቴ፣ አደራሽን› ይል ነበር። እኔም ብያት ነበር፣ መቼ ሰምታኝ!»

«አንቺስ ምን ትመልሺለት ነበር?»

«አሜን ነዋ!»

«የት ተቀምጠሽ?»

አስካለ ከመሪው ወንበር ወረደች። ዞራ ከባሏ ባዶ ወንበር ጎን ተቀመጠችና በቀስታ «አሜን» አለች።

ሞተሩ በራሱ ተነሳ። መሪው ማንም ሳይነካው ጥቂት ወደ ግራ ዘወር አለ፤ ጥላዬ ከግቢ ሲወጣ እንደሚያደርገው። ልሳነወርቅ አማተበ።

«አባዬ ነው?» አለች ልጅቷ ከኋላ፣ በደከመ ድምፅ።

አስካለ ወደ መሪው ስትሻገር ሞተሩ ጠፋ።

«አመሉን ላጠፋልሽ እችላለሁ» አላት ልሳነወርቅ። «ከዚያ ላንቺ ትታዘዛለች። እሱ ግን አይመለስም።»

አስካለ ያበጠውን የልጇን ፊት ዞራ አየች።

«ያጥፉት፣ ጋሼ» አለች። «ቀስ ብለው ግን።»