ከጠጠሩ ወዲህ

አሎሎው ከጠጠሩ አልፎ ጭቃው ውስጥ ጥልቅ አለ። ያለፈው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ግን አልፏል። እጅጋየሁ አሎሎው ባረፈበት የምትተክለውን ችካል ይዛ ከሜዳው ዳር እንደ ቆመች አየችው። ከእሷ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

ጠጠሩን ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ጠዋት መስመር ሲሰመር፣ ማንም ልብ ሳይላት ሜትሩን ዘርግታ አሥራ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር አኖረች። በየዓመቱ እንዲህ ታደርጋለች። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እዚሁ ጎንደር አሎሎዋ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሴቶች ሪከርድ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆች ሁሉ ከጠጠሩ ወዲህ ቀርተዋል። እሷም የውድድር ሰሞን ከምትሠራበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ፈቃድ ጠይቃ ዳኞቹን ለማገዝ ትመጣለች። ስፖርት ወዳድ ናት ይሏታል። ይበሏት።

ሪከርዱ ምን ሰጠሽ ብትባል፣ ልብስ ለማስጣት እንኳ ወደ ላይ የማይነሣ ትከሻ ነው። ባሏም "አንቺ በሬ" እያለ ሲቀልድባት ኖሮ ነው ጥሏት የሄደው። ቢሆንም የራሷ የሆነ፣ ማንም የማይወስድባት አንድ ነገር ነበራት።

አሁን የወረወረችው ወንጌላዊት ናት፤ የቄስ ወልደ ገብርኤል ልጅ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ። ያገኘቻትም እጅጋየሁ ናት። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ወድቀው እግራቸው የተሰበረ ጊዜ፣ ልጅቷ አዝላቸው የሆስፒታሉን ዳገት ወጥታ ካርድ መስኮቱ ላይ ደረሰች። አላለከለከችም። "አንቺ፣ ብረት ወርውረሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት እጅጋየሁ፣ የአባቷን ካርድ ገና ሳታወጣ። ከዚያ በኋላ አሎሎ አንገት ሥር እንዴት እንደሚያዝ፣ ጉልበት ከእግር እንዴት እንደሚመጣ፣ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረቻት። ደስ እያላት ነው ያስተማረቻት። ይህች ቀን እንደምትመጣ ማን ነገራት?

ወንጌላዊት በደንቡ መሠረት ፊቷን አዙራ ከመወርወሪያው ክብ በስተኋላ እየወጣች ነበር። ዳኛው ጌትነት ውርወራው ትክክል ነው ሲል ነጩን ባንዲራ አነሣና ወዲያው ዓይኑን ወደ ሩጫው መለሰ። የሺ አምስት መቶው የመጨረሻ ዙር ነው፤ ሜዳው ሁሉ ቆሞ ይጮኻል። በዚህ አገር ሰው እየሮጠ አሎሎ የሚያይ የለም።

እጅጋየሁ አሎሎው ወደ ቆፈረው ጉድጓድ ሄደች። ባጎረስኩ ተነከስኩ አለች በሆዷ። ማንም አልነከሳትም፤ እሱንም ታውቃለች። ቅናት ነው፤ እንዲህ እንደሚያንገበግብ ግን አታውቅም ነበር። አሎሎውን አንሥታ ወደ ዳር አንከባለለችው። ቀኝ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ ቆመችና ችካሉን ከጠጠሩ ወዲህ ተከለችው።

ጌትነት ሜትሩን ስቦ፣ ክቡ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። "አሥራ ሁለት ከአምስት።"

"አልተሰበረም ማለት ነው" አለች፤ አፏ ቀደማት።

"ምኑ?"

"ሪከርዱ ነዋ። አሥራ ሁለት ከአሥር አይደል?"

"ማን የወረወረው?"

"እኔ።"

ጌትነት ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ፈገግ አለ። "አንቺም ወርዋሪ ነበርሽ እንዴ፣ እትዬ እጅጋየሁ? የድሮውን እኮ መዝግቦ ያቆየው ሰው የለም። እኛ ዘንድ ያለው የቅርብ የቅርቡ ነው፤ አሥራ አንድ ከሰማንያ። ልጅቷ ሰብራዋለች።" ድምፅ ማጉያውን ለያዘው ሰው እጁን አወዛወዘለት።

የወንጌላዊት ስም ተጠራ። አዲስ ሪከርድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ከአምስት። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቁጥር ስትጠብቅ የኖረችው ብቻዋን ነው። ችካሉን ነቅላ ወደ ቦታው ልትመልሰው ትችል ነበር። ምን ብላ?

ቄስ ወልደ ገብርኤል በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። "እኔ እንኳ ይኸን ብረት አላውቀውም፤ ላንቺ ብዬ ነው የለቀቅኋት። ሸጋ አድርገሽ አወጣሻት። እጅሽን ይባርከው፣ ልጄ" አሉና መስቀላቸውን ዘረጉላት። ጎንበስ ብላ ተሳለመች። እግሯን ግን ከነበረበት አላነሣችም።

ወንጌላዊት እየሮጠች ደረሰችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ላቧ ገና አልደረቀም፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ ታች አየች።

"እትዬ፣ ምነው ጭቃ ውስጥ ተገተርሽ? ጫማሽ ጠፋ እኮ።"

"ተይው፣ ተይው።"

"ዛሬስ አልተውም።" ከወገቧ ያሰረችውን ሹራብ ፈትታ ተንበረከከች። የእጅጋየሁን ቁርጭምጭሚት ይዛ እግሯን ብድግ አደረገችው። ያንን እጅ ማን ይችለዋል፤ ራሷ ናት ያጠነከረችው።

ጉድጓዱ ከእግሯ ሥር ወጣ። ተረግጦም ክብ ጠርዙ አልጠፋም፤ ውሃ ማቆር ጀምሯል። ችካሉ ከፊት ለፊቱ፣ ከስንዝር በላይ ወደ ክቡ ተጠግቶ ቆሟል።

ልጅቷ ጉድጓዱን አየች። ችካሉን አየች። ከኋላዋ አባቷ ምርቃታቸውን ገና አልጨረሱም።

እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጭቃውን በሹራቧ መጥረግ ጀመረች፤ መጀመሪያ ጫፉን፣ ቀጥሎ ተረከዙን። ጨርሳ እግሯን ደረቁ መሬት ላይ አኖረችላት።

"ሌላውንም አምጪው" አለች፣ ቀና ሳትል።