ቀይ የሌለው ማማ

«ይሄንን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት» አለ ሌናርድ ፎዘርጊል፣ የሰውዬውን የቴምብር ሉክ ወደ ፖስታው እየመለሰ። «የሽልንግ ገንዘብ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ደብዳቤ ላይ እንኳ ቢለጥፉት አይሄድም።»

ሰውዬው ፊቱን አጨፍግጎ ሄደ። ሌናርድ ምንም አልመሰለውም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በዚህች የዮርክሻየር ገጠር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ሰዉም አባቶቹ «ለጡረታ ይሆነናል» ብለው የገዙትን ሙሉ ሙሉ የቴምብር ሉክ ተሸክሞ ይመጣል። ሁሉም ካስቀመጠው፣ ማንም ካልጣለው፣ ታዲያ በምን ዕዳው ይወደዳል? ሌናርድ አንድ ጊዜ ያያል፣ ዋጋውን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ራሱ ነው የሚናገረው።

ቀጥለው የተቀመጡት ሚስስ ሜትካፍ ነበሩ። የስኬልቤክ መንደርን ፖስታ ቤት አርባ ዓመት ብቻቸውን ያስተዳደሩ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴትዮ ናቸው። ሉካቸውን በሁለት የሻይ ትሪ መሃል አድርገው፣ ጥብቅ አድርገው በገመድ አስረውታል።

«እጅህ ንጹሕ ነው?»

«ከቀዶ ሐኪም እጅ ይበልጣል፣ ሚስስ ሜትካፍ።»

«ብስኩት ስትበላ አይቼሃለሁ። ጥረገው።»

እየሳቀ ጠረገና ገመዱን ፈታ። ባለ አራት ፔኒ ቴምብር ነው፦ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ፣ ማማው ወገብ ላይ ቀይ መቀነት። ስድስት ስድስት ቴምብር፣ በሃያ ረድፍ። የተለመደው ነው። «ግድግዳ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ወደ ታች ወረደ። አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ መቀነቱ ሳስቶ ሮዝ ሆኗል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጭራሽ የለም። ማማዎቹ ነጭ ብቻ ናቸው። የቀኝ ጥጉ ላይ የነበረችው ቴምብር ደግሞ ተቀድዳ ተወስዳለች።

አፉን ዘጋ።

አባቱ እንዲህ ያለች አንዲት ቴምብር ነበረቻቸው። ከአሮጌ ፖስታዎች ክምር ውስጥ ያገኟት፣ የስኬልቤክ ማህተም ያረፈባት፣ ቀይ የሌላት። ለንደን ወስደው ለቴምብር አዋቂዎች ቢያሳዩ «ፀሐይ ላይ ተሰጥታ የነጣች፣ ሐሰተኛ» የሚል ወረቀት ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ በየገበያው «ፎዘርጊል፣ ዛሬስ ፀሐይ ላይ ምን አሰጣህ?» እየተባሉ መሳቂያ ሆኑ። «እውነተኛ ናት» እንዳሉ አለፉ። ሌናርድ ቴምብሯን መጣል አልሆነለትም፤ በዋጋ መጽሐፉ የኋላ ኪስ ውስጥ ይዟት ይዞራል።

«ይሄ... ፀሐይ ነክቶት ይሆን?» አለ ቀስ ብሎ።

«የምን ፀሐይ! መሳቢያዬ ውስጥ ካነጠፍኩት ጀምሮ ብርሃን ያየው ዛሬ ነው። ደግሞስ ፀሐይ የታችኛውን ረድፍ መርጣ ትልሳለች? አንተ ነህ እንግዲህ ባለሙያው!»

እውነታቸውን ነው። አንዲት ቴምብር ብቻዋን ሆና ማንንም ታታልላለች፤ ሙሉ ሉክ ግን ቀዩ ከረድፍ ረድፍ እየሳሳ እንዴት እንዳለቀ ራሱ ይናገራል። ሌናርድ አጉሊ መነጽሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አነሳ።

«ሚስስ ሜትካፍ፣ ይሄ ቤት ይገዛል።»

«ቤት አለኝ። ዋጋ ልጠይቅህ አልመጣሁም።»

ጓንታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የጥጓን ቴምብር ለአንዱ ደንበኛዬ፣ ለሲሪል ኦዲ ሸጥኳት። የፖስታ መኪናው ሊሄድ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሲሪል ደብዳቤውን ይዞ ይጮኻል። ወትሮ በቀዳዳው መስመር ወዲህ አጥፌ፣ ወዲያ አጥፌ ነው የምቀደው። የዚያን ቀን ሳላጥፍ በጥድፊያ ጎትቼ ቀደድኳት። ቀይ እንደሌላት ያየሁት ማህተሙን ከመታሁ በኋላ ነው። የተበላሸ ሉክ ሳይሸጥ ለዋናው ፖስታ ቤት ይመለሳል፤ ደንቡ ይሄ ነው። እኔ ሸጬበታለሁ። የሉኩን ዋጋ፣ ሁለት ፓውንዱን፣ ከኪሴ ከፍዬ ደበቅኩት።»

«እና ለማንም አልነገሩም?»

«አባትህ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር።» ዓይናቸውን ከሉኩ ላይ አላነሱም። «ባንኮኒዬ ፊት ቆመ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። ‹እንዲህ ያለ ሉክ አይተው ያውቃሉ?› አለኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። አላየሁም አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ፣ ልጄ። አመስግኖኝ!»

ሌናርድ ተቆጣ። ሊጮኽባቸው ነበር፣ ትሪውን ሊገለብጠው ነበር። ከዚያ ግን አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ እናቱ ፊት፣ እሱ ራሱ ለአባቱ የተናገረው ትዝ አለው። «አባዬ፣ ይብቃህ። አታሰድበን።» አባቱ ቢላቸውን አስቀምጠው ነበር።

«እኔም አላመንኩትም» አለ።

መጽሐፉን ከኋላ ገለጠ። ቴምብሯን በወረንጦ አወጣት። በግራ ጠርዟ ካሉት ትንንሽ የወረቀት ጥርሶች፣ ከላይ አራተኛው የለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ «ጉድለቷ ነው» እያለ ዋጋ ያሳጣት እሱ ነበር። አሁን ሉኩን አየ። ከጥጉ ባዶ ቦታ አጠገብ ካለችው ቴምብር ጎን፣ ከላይ አራተኛው ላይ፣ አንድ የተረፈ የወረቀት ጥርስ ብቻውን ወጥቶ ይታያል።

ቴምብሯን ወደ ባዶው ቦታ አስጠጋት። ጥርሱ ጉድለቷ ውስጥ ልክ ገባ።

ሚስስ ሜትካፍ እንደ ድሮው፣ አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ ከላይ እስከ ታች ረድፎቹን ቆጠሩ።

«አንድ መቶ ሃያ። አሁን ሞላ» አሉ።

ሌናርድ ወረንጦውን ከቴምብሯ ላይ አላነሳም።