ያልተነሳ ስልክ

ስልኩ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠራ ኖላዊት ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ ትራስ ጫነችበት። ትራስ ድምፅ ያፍናል እንጂ ዝም አያሰኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እስኪያበቃ ጠበቀች። ሲያበቃም እፎይ አላለችም፤ የሚቀጥለውን መጠበቅ ጀመረች።

ደክሟታል። ሰው ስልክ ባለማንሳት እንዲህ ይዝላል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቷ ኤርጫፎ ወላጆቿ ከሚኖሩበት ከካምባ ደውሎ፣ «አባትሽ ትንሽ አሞታል፤ ነገ በጠዋት ነይ» አላት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እሷም ታውቃለች፤ የዚያን ዕለት ግን ማወቅ አልፈለገችም። ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ለበሽተኛው ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝታ ሄደች። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሎ ደረሰች። ብርቱካኑን ማን እንደተቀበላት እስከ ዛሬ አታስታውስም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ቀድሟት ካምባ ይደርሳል። መላ የፈጠረችላት አብራት ትኖር የነበረችው አይዳ ናት። አይዳ ታነሳለች፣ «ሁሉም ደህና ናቸው» ትላለች፣ ከዚያ ኖላዊት ትቀበላታለች። አይዳ ሥራ አግኝታ ሐዋሳ ከሄደች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ሌላውን ሰው «በጽሑፍ ላኩልኝ» እያለች ታልፈዋለች። እናቷ ግን ማንበብም መጻፍም አትችልም።

«ኖላዊት፣ እንግዶች መጥተውልሻል» የሚል ድምፅ ከግቢው ተሰማ። አከራይዋ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ናቸው። እንዲህ ለስልሰው ጠርተዋት አያውቁም።

ወጣች። ኤርጫፎ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆሟል። በዚህ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ሰላምታም ሳይሰጧት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እማዬን ቀበራችኋት!» ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶውን ተቀላቀሉ። ጎረቤትም እየሮጠ ገባ።

«ኧረ ዝም በሉ! ማንም አልሞተም!» ኤርጫፎ ጮኸ። «የሞትሽው አንቺ ነሽ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልክ አታነሺም። ሬሳሽን ልንወስድ ነው የመጣነው እኮ!» የጋቢውን ጫፍ ዓይኑ ላይ አደረገ።

ኖላዊት ቀና አለች። አላመነችውም። «ያኔም ‹ትንሽ አሞታል› ብለኸኛል፣ አጎቴ።»

ኤርጫፎ አንገቱን ደፋ። እውነቷን ነው። «እናትሽ ከዳገቱ ታች ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ኮረኮንቹን ባጃጁ እምቢ አለ፣ እሷንም ጉልበቷ እምቢ አላት። ከጠዋት ጀምሮ እየደወለችልሽ ነው።»

«እንዲህ እያላችሁ ልትወስዱኝ ነው።»

ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ። ለቅሶተኛው ሁሉ ወደ ክፍሏ ዞረ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ገብተው ከትራሱ ስር አወጡና እጇ ላይ አስቀመጡላት። ስክሪኑ «እማዬ» ይላል።

ስም ምን ያረጋግጣል? በሞተ ሰው ስልክ ሌላ ሰው ይደውልበታል፤ የአባቷም ስልክ ከቀብሩ በኋላ ስንት ወር ሠርቷል። እናቷ በሕይወት መኖሯን ማወቂያው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የማትችለው ነገር ነው። አውራ ጣቷን አረንጓዴው ምልክት ላይ አደረገች። ጎረቤቱ ሁሉ ያያታል፤ እዚያ መካከል አይዳ የለችም።

ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

እናቷ ስልክ ላይ ቀስ ብሎ ማውራት አታውቅም። ካምባ ሆና ስትደውል ራሱ፣ አርባ ምንጭ ድረስ በድምፅዋ ብርታት የምትደርስ ይመስላታል። አሁንም እንደ ልማዷ ጮኸች፤ ጩኸቱም ከስልኩ ቀድሞ ከአጥሩ ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ስር መጣ።

«ኖላ! አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ!» አለች ኖላዊት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ አጥሩ እየጮኸች።