የሚዘፍነው አንቀልባ

ሰባት ልጅ በዚህ ጀርባ አሳድጌአለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ግን የቀበሌው ማሽን በሞግዚትነት ፈተና ጣለኝና፣ የልጅ ልጄን የትርንጎን ሕፃን እንዳላዝል ተከለከልኩ። «ማሽኑ ራሱ ስንት ወልዷል?» ብላቸው ሣቁብኝ።

ትርንጎ የወለደችው በዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እንደሷ በልጅነት ለወለደች ሁሉ የቀበሌው የድጋፍ ፕሮግራም የሚዘፍን አንቀልባ ያድላል። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ሕፃኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አንቀልባ እየተወዛወዘ በእናቱ ድምፅ እሹሩሩ ሲባል ይውላል። ድምፅዋን የቀዱት በወለደች በሳምንቷ፣ ገና የልጅ ድምፅ ሳላት ነው። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ትናንት ትርንጎ ደብተሯን ጥላ አቀፈችውና እሹሩሩ ስትለው ጮኸ። ፊቱን አዙሮ ወደ አንቀልባው እጁን ዘረጋ።

«እምዬ፣ አላወቀኝም» አለችኝ።

«ዓመት ሙሉ አልቅሰሽ ድምፅሽ ጎርንኗላ!» አልኳት። ማባበል አልችልበትም።

ዛሬ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ስትመጣ፣ ሕፃኑ እናቱን እንዳላወቀ ነገርኳት። «አይዞዎት እማማ፣ ድምፅዋን እንደገና እንቀዳዋለን» አለች ፈገግ ብላ።

«ከርሞም ሲለወጥ ልትቀጂ? ይህ ልጅ የሚያስፈልገው እናት ነው እንጂ ቅጂ ነው?»

አንቀልባውን ከሚስማሩ አውርጄ አስታቀፍኳት።

«ይህን ውሰጂና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሕፃናት የሚውሉበት አንድ ክፍል አስከፍቺ። በየእረፍቱ እየወጣች ታጥባው። ክፍሉ እስኪከፈት ልጁ እኔ ጀርባ ላይ ነው። የሚከለክለኝ ካለ፣ እሱን ራሱን ይዘሽልኝ ነይ።»